የድንጋይ ሽበት

በቦሌ መድኃኔዓለም አጥቢያ መኖር ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። በሰንበት ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፥ ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት፥ በቅጽሩ ውስጥ ካለ አንድ ዛፍ ሥር ጥቂት ማረፍ ልማዴ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ግንዱን ብመለከት፥ አመድ የመሰለ፥ ጠርዙ የተሸነሸነ ነገር ከቅርፊቱ ጋራ ተጣብቆ አየሁ። ስፋቱ ከሳንቲም አይበልጥም፤ ሰዉም ሁሉ ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን ባየሁት ጊዜ ልቤ ደነገጠ፤ የቈየ ዕዳ አለብኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ያረፈው በትውልድ አገሩ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። በመቃብሩም ላይ ስሙ የተቀረጸበት የድንጋይ ሐውልት አቁመንለት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሙት ዓመቱ ብሄድ፥ አመድማና ቢጫ ነገር ፊደሉን ሸፍኖት አገኘሁ። አገሬው የድንጋይ ሽበት ይለዋል። መቃብሩ የተረሳ ስለ መሰለኝ አፈርሁና የሽቦ ቡሩሽ ይዤ እፍቀው ጀመር። አንድ አረጋዊ ካህን ቆመው ይመለከቱኝ ነበርና፥

«ልጄ፥ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«አባ፥ ቈሽሾብኝ ላጸዳው ብዬ ነው» አልኋቸው።

«ሽበት እድፍ ነው እንዴ?» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

እኔም ሥራዬን ቀጠልሁ። ሽበቱ ሲለቅ ግን ብቻውን አልለቀቀም፤ የድንጋዩን ገጽ እንደ ዱቄት አድርጎ ይዞት ወረደ። ከአባቴም ስም ሁለት ፊደል ጠፋ።

ይህን ነገር ለማወቅ መጻሕፍት መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ሊቃውንት ላይከን የሚሉት ይህ ፍጥረት ተክል ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሲሞን ሽቬንደነር በ1867 እንደ ገለጸው፥ ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥረታት በአንድነት የሚኖሩበት ማኅበር ነው። አንደኛው የእንጉዳይና የሻጋታ ወገን የሆነ ፈንገስ ሲሆን ቤቱን ይሠራል፤ ሁለተኛው፥ ብዙውን ጊዜ አልጌ የተባለው ደቂቅ አረንጓዴ ፍጥረት፥ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎች ይህን አሳብ አልተቀበሉትም ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1916 ሳይሆን ገና ትናንት፥ በ2016፥ ቶቢ ስፕሪቢልና ባልደረቦቹ በብዙዎቹ ላይከኖች ቅርፊት ውስጥ እንደ እርሾ ያለ ሌላ ፈንገስ መኖሩን ገለጹ።

የስማቸውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሊኔየስ በ1753 ላይከኖችን ሁሉ በአንድ ወገን ስም ጠቅልሏቸው ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ ኤሪክ አካሪየስ ግን በየወገናቸው ለያቸው። በ2016 በወጣው ቈጠራ የታወቁት ዓይነቶች ከ19,000 በላይ ናቸው። ይህም ገና መጨረሻው አይደለም፤ በ2014 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ሐሩር አገሮች ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዓይነት ይቈጠር የነበረው ላይከን ቢያንስ 126 ዓይነት መሆኑን በዘር ምርመራ አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ የአበባ ተክሎችንና መሰሎቻቸውን በየስማቸው መዝግቧል፤ ላይከን ግን ተክል ስላልሆነ በዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። የምሥራቅ አፍሪካን ትልልቅ ላይከኖች የሚዘረዝረውን መጽሐፍ ስዊንስኮውና ሂልዱር ክሮግ በ1988 አሳትመዋል፤ እርሱ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እኛ በስሜን ተራራ ከአስታ ዛፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውንም፥ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውንም ዛሬም በአንድ ቃል ሽበት ብለን እናልፋለን።

ስም ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የአባቴ ሐውልት ይመልስለታል። ከላይከኖች አንዳንዶቹ በቀጫጭን ክሮቻቸው በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ይገባሉ፤ በሚያወጡትም አሲድ ድንጋዩን ያላሉታል። ሌሎቹ ደግሞ ድንጋዩን ከዝናብና ከነፋስ እንደ ልብስ የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ። የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቁ መፋቅም ሆነ መተው በጭፍን መፍረድ ነው። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የመረመሩ ሰዎች፥ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ላይከንን ጨምሮ ሕያዋን ነገሮች ለድንጋዩ መጐዳት ምክንያት መሆናቸውን ገልጠዋል። እኔ በሁለት ፊደል የከፈልሁትን፥ አገር በላሊበላ እንድትከፍለው የሚፈቅድ ማን ነው?

ሌላም ጥቅም አለው። ኒላንደር የተባለው ሊቅ በ1866 በፓሪስ ከተማ በአንድ የአትክልት ቦታ ያሉትን ላይከኖች ተመልክቶ፥ ስለ አየሩ ንጽሕና እንደሚመሰክሩ ጽፎ ነበር። ይህን ካነበብሁ ወዲህ በቦሌ ስመላለስ ግንዶችን እመለከታለሁ። መኪና በሚበዛበት ጐዳና ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ በቅጽሩ ውስጥ ይሻላል። ይህ ግን የአንድ ሰው ዓይን ምስክርነት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የዛፉ ዓይነት፥ የቅርፊቱ ጠባይና የሚያገኘው እርጥበት ይለያያልና። መምህራን ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው፥ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ፥ በየዓመቱ በዚያው ወር ቢያስቈጥሩ፥ ማጉያ መነጽርና ደብተር ብቻ በቂ ነው።

አምና ወደ አባቴ መቃብር ሄጄ ነበር። ካህኑ አርፈዋል። ፊደሎቹ ከጠፉበት ስፍራ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህል አመድማ ነጥብ በቅሏል። ብዙዎቹ በዓመት ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ እድገት ስላላቸው፥ ሳንቲም አክሎ ለማየት ዕድሜ አይበቃኝ ይሆናል። በዚያን ቀን በእጄ የያዝሁት ማጉያ መነጽር ነበር፤ ቡሩሹን ትቼዋለሁ። መጠኑንና ቀኑን በደብተሬ ጻፍሁ፤ ስሙን የምጽፍበትንም መስመር ባዶ ትቼ ተመለስሁ።