11.5 ሴንቲ ሜትር

እኛ ፋፋ እየበላን ያደግን ልጆች ነን። የሕፃን ምግብ ጉዳይ እንግዳችን አይደለም ብለን እናስብ ነበር። ለካስ የምናውቀው ጣዕሙን ብቻ ነው።

የመቐለ በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 እንደገና ተጀመረ፤ ከወራት በኋላ እኛም ዘመድ ጥየቃ ሄድን። የአንዳችን እህት እዚያ ነርስ ናት። እናቶቹ «ሲስተር» ይሏታል፤ እኛም እንደነሱ። ቡና እየጠጣን ሳለ ከቦርሳዋ ባለ ሦስት ቀለም የክንድ መለኪያ አወጣች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ይለካበታል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ያሰጋል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ግን ቀይ ነው፤ ልጁ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው።

መድኃኒቱ «ፕላምፒ ነት» ይባላል። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። አንዷ 92 ግራም ፓኬት 500 ካሎሪ ትይዛለች። ውኃ አይፈልግ፣ እሳት አይፈልግ፤ ቀዶ መስጠት ነው። ሌላ ሕመም ያልተደረበበትና መብላት የሚችል ልጅ እቤቱ ሆኖ በሳምንታት ውስጥ ያገግማል።

«በጦርነቱ ጊዜ መለኪያው አልጠፋም» አለችን ሲስተር። «የጠፋው ፓኬቱ ነው። ለክተን ቀይ መሆኑን ለእናትየዋ እንነግራታለን። ከዚያስ ምን እንስጣት?»

መልስ አልነበረንም።

ልብ በሉ፤ ፕላምፒ ነት እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ሂሊና በሚባል ፋብሪካ ይመረታል። በ2014 ግን ለትግራይ ባንኩም ስልኩም ዝግ ነበር፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ቀይ መስቀል ከወራት በኋላ መድኃኒት ጭኖ መቐለ ያረፈው ጥር 18 ቀን 2014 ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኛ አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብለን ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ እያልን እንከራከር ነበር። «የሕፃናቱ ምግብ ደረሰ ወይ?» ያለ ከመሀላችን አንድም አልነበረም።

ሰላሙ ከወረደ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ፓኬቱ በሰው እጅ ያለ ነገር መሆኑን እንደገና አየን። የልጅ ክንድ ደግሞ ፖለቲካው እስኪጠራ አይጠብቅም።

ሲስተር አንድ መለኪያ ሰጠችን። አዲስ አበባ ስንመለስ የአንዳችንን የሁለት ዓመት ልጅ ለካንበት። አረንጓዴ ሆነ። ደስ አለን፤ ወዲያው ደግሞ አፈርን።