ቢሾፍቱ ላይ ትክክለኛ ሰዓት ከየት ይገኛል?

ጀርመን ውስጥ ራሱን በራዲዮ የሚያስተካክል የግድግዳ ሰዓት በየቤቱ አለ። ፍራንክፈርት አጠገብ ማይንፍሊንገን ላይ ካለው የዲሲኤፍ 77 ጣቢያ በ77.5 ኪሎ ኸርዝ የሚመጣውን ምልክት እየተቀበለ ስሕተቱን ያርማል። በሻንጣ ቢሾፍቱ ሲደርስ ግን ተራ ኳርትዝ ሆኖ ይቀራል። ምልክቱ የሚታመነው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቢሾፍቱ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይርቃል። ተራ ኳርትዝ በወር 15 ሰከንድ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። የመብራቱን 50 ኸርዝ እየቆጠረ የሚሄድ ሰዓት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ እንኳ 6 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጭራሽ አይሆንም።

ለቢሾፍቱ የሚበጀው ጂፒኤስ ነው። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ስለተሸከሙ፣ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሆራ ሐይቅ ዳርም ሆነ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ፣ በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ መቀበያ ከማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ስሕተት ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ የጂፒኤስ ቆጠራ ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ 18 ሰከንድ ይቀድማል፤ እርማቱ የሚሰራጨው በየ12.5 ደቂቃው ስለሆነ አዲስ የበራ መቀበያ ሩብ ሰዓት ይጠበቅ። በሞባይል ኢንተርኔት የሚመጣው ሰዓት ለግድግዳ ይበቃል፤ ጨረቃ ኮከብ ስትሸፍን ለመመዝገብ ግን ያሰጋል። ጨረቃ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ስሕተት ቦታዋን በ100 ሜትር ያዛባል።

ፀሐይን ምንጭ ማድረግ የሚያጓጓ ቢሆንም ስሌት ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ የተሰላ ነው፤ ቢሾፍቱ ግን 39 ዲግሪ አካባቢ ናት። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በአማካይ ከቀኑ 6፡24 ላይ ነው፤ ጥቅምት 24 አካባቢ 6፡08፣ የካቲት 4 አካባቢ 6፡38 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን የጥላ ሰዓት ተበላሸ ብሎ ያፈርሰዋል።

የሰማይ ክስተትን ሰዓት በዩቲሲ በመመዝገብ ረገድ አገር ቤት ይቀላል። ጀርመን ከዩቲሲ አንዴ 1፣ አንዴ 2 ሰዓት ትቀድማለች፤ ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ 3 ሰዓት ነው። በአገሩ አቆጣጠር ለቀን ሰዓት 3፣ ለምሽትና ለሌሊት 15 ተደምሮ (ድምሩ 24 ከሞላ 24 ተቀንሶ) ዩቲሲ ይገኛል። የሚያደናግረው ቀኑ ነው፦ ልማዱ ዕለቱን ከንጋት ሲጀምር ዩቲሲ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀይረዋል። ማክሰኞ አጥቢያ ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10፡30 ላይ የታየ ተወርዋሪ ኮከብ በልማዱ ገና የሰኞ ሌሊት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ማክሰኞ 1፡30 ዩቲሲ ተብሎ ይገባል።