ስልክ ላይ ሚሊየነር፣ ላስ ቬጋስ ላይ ታክሲ ነጂ

ላስ ቬጋስ ማለት ገና ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ሻንጣችሁን ሳትቀበሉ የቁማር ማሽን "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚላችሁ ከተማ ናት። ቀልድ አይደለም! ሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከዘመድ በፊት የሚቀበላችሁ መብራቱን እያብለጨለጨ የሚጮህ ስሎት ማሽን ነው። አብራኝ የተጓዘች ፈረንጅ አሮጊት በረራውን ሙሉ "ወገቤን" እያለች ስታቃስት ቆይታ፣ ማሽኑን ስታይ ወገቧ ዳነ መሰለኝ፣ ዘላ ወንበሩ ላይ ጉብ አለች።

ወሩ ነሐሴ ነበር። አዲስ አበባን በዝናብና በጭቃ ትቼ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ገባሁ። የዳቦ ቤት ምድጃ ፊታችሁ ላይ ሲከፈት እንዴት ነው? እንደዚያ ነው። የተቀበሉኝ አክስቴ ፍልሰታን እየጾሙ ስለነበር ገና መኪና ውስጥ ቀበቶ ሳላስር ማስጠንቀቂያው መጣ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ስትቀመጪ ካሲኖ የሚባል ነገር እንዳትረግጪ!"

"ለጋዜጣ ልጽፍ ነው እኮ አክስቴ።"

"እንግዲያው በውጭ አይተሽ ጻፊ!"

ቬጋስን በውጭ አይቶ መጻፍ ግን አይቻልም። ትልልቆቹ ሆቴሎች ውስጥ ምግብ ልብላ ብትሉ፣ ሽንት ቤት ልሂድ ብትሉ፣ መንገዱ በቁማር ማሽኖቹ መሃል ነው የሚያልፈው። ቁማር በኔቫዳ ግዛት በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነገር ነው። በፊልም የምናያቸው እነዚያ ታላላቅ ካሲኖዎች የተደረደሩበት "ስትሪፕ" የሚባለው ጎዳና አብዛኛው በሕግ የላስ ቬጋስ ከተማ አይደለም። ከከተማው ክልል ውጪ ያለ ሠፈር ነው። ስሙስ? ፓራዳይዝ! ገነት ማለት ነው። አክስቴ ይህን ስነግራቸው አማተቡ።

ሀበሻውስ? ሞልቷል። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል ክፍል የሚያጸዳው፣ መኪና የሚያቆመው፣ ካሲኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው… እ.ኤ.አ. በ2023 የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አንድ አካባቢ "ሊትል ኢትዮጵያ" ተብሎ እንዲጠራ ወስኗል። ቡና ስትጠጡ ወሬው እንደኛው አገር ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ፖለቲካ፣ ማን አገባ፣ ማን ተፋታ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል። ማን ተበላ!

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ። አክስቴ ቤት አንዱን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ አለ። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ፣ ሥራው ታክሲ፣ ጠባዩ ጨዋ። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ታክሲዎች ወረፋ የሚጠብቁበት ሰፊ ቦታ አለ። ሾፌሩ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዱ ይተኛል፣ አንዳንዱ ስልክ ይደውላል፣ የእኛ ልጅ ግን ስልኩ ላይ በነፃ ፖከር ይጫወታል።

"48 ሚሊዮን አለኝ" አለኝ አንድ ማታ።

"ዶላር?!"

"ቺፕስ።"

ቺፕሱ የውሸት ነው። ሱቅ ሄዳችሁ እንጀራ አትገዙበትም። ሲያልቅባችሁ ጨዋታው ራሱ በነጋታው ሌላ ይሰጣችኋል፤ ካልቻላችሁ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የውሸት ቺፕስ ይሸጥላችኋል (የነፃው ጨዋታ ባለቤቶች እንጀራ የሚበሉት ከዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ንቁ!)። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ በዓለም የተስፋፋው ዚንጋ ፖከር እ.ኤ.አ. በ2007 ፌስቡክ ላይ ከወጣ ወዲህ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። መሃል ላይ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ ካርታ ይገለጣል፤ አምስቱ የሁሉም ነው። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ያቀናጀ ይበላል። በየመካከሉ አራት ጊዜ ገንዘብ ይያዛል። ከፈለጋችሁ ትከፍላላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፣ ወይም ካርታችሁን ትጥላላችሁ። ሁሉም ከጣለላችሁ ባዶ እጃችሁንም ብትሆኑ መሃል ያለውን ትጠርጋላችሁ። "ብለፍ" የሚሉት ይህን ነው፤ በእኛ ሠፈር ቋንቋ ባዶ ኪስ ይዞ መጀነን!

ልጁን ያሳበደው የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ፍሪሞንት የሚባለው የድሮው የቁማር ጎዳና ላይ በወሰደኝ ቀን እስኪደክመኝ አወራልኝ። ከላይ ጣሪያው በሙሉ የመብራት ስክሪን ነው፣ ከታች ዘፋኙ፣ ሰካራሙ፣ ፎቶ አንሺው ይጋፋል። እዚያው የቢኒየን ካሲኖ አለ። የዓለም ታላቁ የፖከር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው እሱ ቤት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊው የተመረጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር፤ ጆኒ ሞስ የሚባል የቴክሳስ ሰውዬ ተመረጠ። (ቁማርተኛ ለቁማርተኛ ድምፅ ሲሰጥ አስቡት እስቲ!) እ.ኤ.አ. በ2005 ውድድሩ ወደ ሪዮ ሆቴል ተዛወረ፣ በ2022 ደግሞ ስትሪፕ ላይ ወዳሉት ፓሪስና ሆርስሹ ገባ።

ታሪኩ የ2003 ነው። ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት በ86 ዶላር ማጣሪያ ተጫወተ። አሸነፈ። መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነው ታላቁ ውድድር ላይ ቦታ አገኘና 838 ሰው አልፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ተመለሰ። መኒሜከር ማለት ገንዘብ ሠሪ ማለት ነው፤ እውነተኛ የቤተሰብ ስሙ ነው! በቀጣዩ ዓመት ተወዳዳሪው 2,576 ደረሰ፤ በ2006 ደግሞ 8,773። በዓለም ላይ ያለ ወጣት ሁሉ "እኔስ ከማን አንሼ!" አለ። የእኛም ልጅ።

ልጁ የዘለለው ነገር ግን አለ። ሰውዬው ያሸነፈው ማጣሪያ መጠኑ ይነስ እንጂ ገንዘብ የተከፈለበት ነው። ከኪሱ ገንዘብ የወጣበት ሰው ካርታውን በጥንቃቄ ነው የሚይዘው። የነፃው ጨዋታ ላይ ግን የሚጠነቀቅ የለም።

ይህን የነገሩን አክስቴ ቤት እሁድ እሁድ ለቡና የሚመጡ ሴትዮ ናቸው። ካሲኖ ውስጥ ሌሊት ካርታ ያድላሉ። ራሳቸው ቁማር ነክተው አያውቁም፤ "ሥጋ ሻጭ ሥጋ አያምረውም" ይላሉ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ 48 ሚሊዮኑን አሳያቸው።

"እስቲ ተመልከት" አሉት። "ይሄ ሁሉ ሰው ካርታ በታደለ ቁጥር ያለውን በሙሉ የሚያስይዘው ለምንድን ነው?"

"ደፋር ስለሆነ ነዋ እትዬ!"

"አይደለም ልጄ። ስለማይቸግረው ነው።"

ልጁ ሳቀ። ዐርብ ማታ 300 ዶላር ይዞ ሄደ፤ እኔም ለአክስቴ "ንፋስ ልቀበል" ብዬ አብሬው።

የፖከሩ ክፍል ከስሎት ማሽኑ ጩኸት ዞር ያለ ነው። ፀጥ ያለ፣ የቺፕስ ኮሽታ ብቻ የሚሰማበት። እኔ ከመከለያው ውጪ ቆምኩ። ጠረጴዛው ላይ ጡረተኛ የሚመስሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ኮፍያ ያደረጉ ወጣቶች፣ አንዲት ጥርሷን የምትፍቅ ሴትዮ (የጥርስ እንጨት ነገር ነው)። ማንም አይቸኩልም። ስልክ ላይ በሰዓት 60 እና ከዚያ በላይ ጊዜ ካርታ ይታደላል፤ እዚህ ግን ከ25 እስከ 30 ቢሆን ነው። ልጁ ገና በአሥር ደቂቃው መቁነጥነጥ ጀመረ።

መጨመር ፈልጎ አንድ ባለ25 ዶላር ቺፕስ ወርወር አደረገ። አዳዩ "ከፍሏል" ብሎ መልሱን ሰጠው። ለካ አፍ አውጥቶ "እጨምራለሁ" ካላሉ አንድ ትልቅ ቺፕስ እንደ መክፈል ብቻ ነው የሚቆጠረው! ቆይቶ ቺፕሱን በሁለት ጊዜ ገፋ፤ ይህም አይፈቀድም፣ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ነው። ዞር ብሎ በአማርኛ አንድ ነገር ሲለኝ ደግሞ "እንግሊዝኛ ብቻ!" ተባለ፤ ጨዋታ ላይ እያሉ ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። ስልኩ ይህን ሁሉ አላስተማረውም፤ ቁልፍ ተጭኖ ነው የኖረው። ስልኩ የማይወስደውም ነገር አለ። ካሲኖው መሃል ከተከመረው ላይ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፣ ያሸነፈ ደግሞ ለአዳዩ አንድ ዶላር ጉርሻ ጣል ያደርጋል። ቀስ እያለ የሚያደማ ነገር ነው።

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል 210 ዶላር ቀርቶታል። የልብ 10 እና የልብ 4 ታደለው። በጠረጴዛው ላይ ያለ አዋቂ ሁሉ የሚጥለው ካርታ ነው፤ እሱ ግን ስልኩ ላይ እንደለመደው 30 ዶላር ከፍሎ ገባ። ሦስት ሰው ቀረ፣ መሃል ወደ 90 ዶላር ተከመረ። ሦስቱ ካርታ ሲገለጥ ንጉሥ፣ የልብ 7፣ የልብ 2። አንድ ልብ ብቻ ቢመጣለት አምስት ልብ ሊሞላ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ቀና ሳይሉ 180 ዶላር ገፉ። ልክ የልጁ ቀሪ ገንዘብ!

እዚህ ላይ ሒሳብ ነው የሚሠራው። 180 ከፍሎ በጠቅላላ 450 የሚሆነውን ክምር ለመብላት ነው። ስለዚህ ኪሳራ እንዳይሆንበት ከ100 ቢያንስ 40 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ያልታዩ ልቦች ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለት ካርታ እስኪገለጥ ድረስ አንዱ የመምጣት ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። 35 ከ40 ያንሳል። ይጥላል፣ አለቀ። ልጁ ግን ወደ እኔ አየና ፈገግ ብሎ ሁሉንም ገፋ።

ጥቁር ካርታ መጣ። ሌላ ጥቁር መጣ። ሽማግሌው ንጉሥና አስ ገለጡ።

መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም አላወራም። ቤት ልንደርስ ስንል ነው 300 ዶላሩ ለእንቁጣጣሽ ለእናቱ ሊልከው የያዘው እንደነበር የነገረኝ። በግ፣ ዘይት፣ የታናሽ እህቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም… ዘረዘረልኝ። እኔ ምን ልበል?

እሁድ ሴትዮዋ መጡ። አልተቆጡም። "ስልኩን አምጣው" አሉት። አንባቢዎቼ፣ ስልካችሁ ላይ በነፃ ለምትጫወቱ ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ አንብቡ። 48 ሚሊዮኑን አስጣሉትና በአዲስ መለያ በትንሽ ቺፕስ አስጀመሩት። ካለቀ ለዚያ ሳምንት አለቀ፤ በነጋታው የሚሰጠውን ነፃ ቺፕስ መንካት የለም፣ መግዛትማ ጭራሽ! የውሸቱ ገንዘብ ትንሽ እንኳ የሚያሳሳ ካልሆነ ምንም አይማሩበትም አሉ። ከዚያ ከአሥር ካርታ ሰባት ስምንቱን እንዲጥል አዘዙት። ሁለት ተመሳሳይ ካርታ የሚታደለው ከ17 አንዴ፣ ሁለት አስ ደግሞ ከ221 አንዴ ነው። ታዲያ ጥሩ ካርታ እንዲህ ብርቅ ከሆነ በየዙሩ መግባት ምን አመጣው? ሲጥል ደግሞ ስልኩን እንዳያስቀምጥ፤ አንድ ሰው መርጦ መቼ እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚጥል እንዲያይ። ጠረጴዛ ላይ የሚበላው ዓይን ነው አሉ።

ሒሳቡንም በቀላሉ አስያዙት። የሚጠቅሙህን ካርታዎች ቁጠር፤ ሁለት ካርታ ሊገለጥ ከቀረ በ4 አባዛ፣ አንድ ከቀረ በ2። የሚወጣው የዕድልህ በመቶኛ ነው፣ ግምት ነው ግን ይበቃል። ዘጠኝ ልብ በ4 ሲባዛ 36። ልጁ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ብለፍን ግን በነፃው ጨዋታ አትማረውም አሉት። የማይቸግረውን ሰው ማስደንገጥ አይቻልማ! በእኔ አስተያየት ከሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ነፃው ጨዋታ ካርታውንና ቁጥሩን ያስተምራል፣ ፍርሃትን አያስተምርም። ሠፈራችን ውስጥ በለስላሳና በብስኩት ካርታ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ በዚህ ይሻላሉ፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መክፈል ያማል እኮ! ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ የተሸነፈ ቡና ይጋብዝ ብትሉ ከሚሊዮን የውሸት ቺፕስ የበለጠ ትማሩበታላችሁ።

ልጁ ሁለት ሌሊት ጨምሮ ነድቶ የእናቱን ብር ላከ። ለማንም ያልነገርነው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። "100 ዶላር፣ በሦስት ወር አንዴ፣ የተረፈኝ ከሆነ" አለኝ። አላመንኩትም፣ አልካድኩትምም። ሴትዮዋ ግን ማስታወሻ ደብተር ገዝተው ሰጥተውታል። በየቀኑ ይጽፋል፤ ምን ታደለው፣ ስንት ጊዜ ጣለ፣ ለምን ከፈለ።

ደብተሩን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄዶ አክስቴ አገኙት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ "ማክሰኞ 60፣ 46 ጣልኩ። ረቡዕ 50፣ 39 ጣልኩ…" ማታ ሲገባ ጠብቀው ያዙት።

"ልጄ፣ ምንድን ነው በየቀኑ እንዲህ የሚጠፋብህ?"