«ሲስተሙ አይቀበልም»

በ2011 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና መመዝገቢያ ገጽ ሠራሁ። ሥልጠናው ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ፣ ከበየዳና ከአዲአርቃይ ለሚመጡ ወጣቶች የታሰበ ነበር። ፎርሙ የሚጠይቀው ስም፣ ወረዳ፣ የትምህርት ደረጃና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ከፎርሙ በላይ ግን ማንም ያላዘዘኝን ጥቂት መስመር ኮድ ጨመርኩ። ብራውዘር አንድን ገጽ ሲከፍት ስሙንና የቨርዥን ቁጥሩን ያሳውቃል። የእኔ ኮድ ያንን ቁጥር አይቶ፣ ከወሰንኩት በታች ሆኖ ካገኘው ፎርሙን ይሰውርና «ብራውዘርዎ አሮጌ ነው፤ አፕዴት አድርገው ይመለሱ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። የምናዘዘው ስለዚያ ጽሑፍ፣ ከሱም በኋላ ስለዋሸሁት ውሸት ነው።

ያን ኮድ ያስጻፈኝ የቆየ ቂም ነው። ኢንተርኔትን ያወቅሁት ፒያሳ አካባቢ በነበሩ ኢንተርኔት ቤቶች ነው። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበሩ፤ ኤክስፒ ደግሞ የፊደላችንን ፎንት ይዞ አይመጣም። የአማርኛ ገጽ ስከፍት ስክሪኑን የሚሞሉት ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ያቀረበው በ2007 ገበያ ላይ በዋለው ቪስታ ነው። የገዛ ቋንቋዬን እንዳላነብ ያደረገኝ የማሽኑ እርጅና ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሶፍትዌር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩቲዩብ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ለሚጠቀሙ ሰዎች ድጋፉ በቅርቡ እንደሚያበቃ ማስታወቂያ መለጠፉን፣ በ2011 ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ ያንኑ ብራውዘር ሰው እንዲተው መቀስቀሱን ሳነብ ደስ አለኝ። የዩቲዩብን ማስታወቂያ ሰው አንብቦ ቪዲዮውን ማየት መቀጠል ይችል ነበር። እኔ ይህን ልዩነት ልብ አላልኩትም።

ቂሙ ላይ ስንፍና ተጨመረበት። ኦፔራ ሚኒ የሚባለው የስልክ ብራውዘር ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ አዘጋጅቶና ጨምቆ፣ አሳንሶ ነው ወደ ስልኩ የሚልከው። የሀገራችን ሰው የወደደው ካርድ ስለሚቆጥብለት ነው። የእኔ የሚያምር ተንሸራታች ሜኑ ግን በኦፔራ ሚኒ ላይ አልሠራ አለ። ሜኑውን ከማስተካከል ይልቅ ሰዎቹን መከልከል ቀለለኝ።

ምዝገባው በተዘጋ ማግስት አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ወደ ቢሮ መጣች። የመጡት ከጃናሞራ ነው። ያን አገር የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ቧሂትን ተሻግሮ፣ በሳንቃበር በኩል ደባርቅ የሚያወጣ የብርድና የገደል መንገድ ነው። መጀመሪያ በአባቷ ስልክ በኦፔራ ሚኒ ሞከረች፤ ቀዩ ጽሑፍ መጣባት። ደባርቅ ወርዳ ኢንተርኔት ቤት ገባች፤ ያም መለሳት። የቤቱ ባለቤት አዝኖላት ክሮምን አፕዴት ሊያደርግ ደከመ። ኮምፒውተሩ ኤክስፒ ነበር፤ ጉግል ደግሞ ለኤክስፒ አዲስ ክሮም ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። «አፕዴት አድርገው ይመለሱ» ብዬ የጻፍኩት ሊደረግ የማይችል ነገር ነበር። ባለቤቱ «በቃ ጎንደር ሂጂ» አላት። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ጋሼ፣ አፕዴት አድርጉ ይላል፤ አልሆነልኝም» አለችኝ። ስሟን ለመጻፍ የሚያስፈልገኝ እስክሪብቶ ብቻ ነበር፤ ዝርዝሩ ገና ለኃላፊ አልቀረበም፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ግን ከጻፍኳት ገጹ ለምን እንደመለሳት ልጠየቅ ነው። «ምዝገባው ትናንት ተዘግቷል፤ ሲስተሙ አይቀበልም» አልኳት።

አባቷ እስከዚያ ዝም ብለው ቆመው ነበር። «ሲስተሙን የሚያዘው ማነው፣ ወንድምዓለም? ለሱ እንንገረው» አሉኝ።

ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የይለፍ ቃሉም በእጄ ነበር። «አዲስ አበባ ነው ያለው» አልኳቸው። አባቷ እግዜር ይስጥልን ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

በዚህም አላበቃሁም። ኃላፊው ዝርዝሩን አይተው ከጃናሞራና ከበየዳ የተመዘገበው ሰው ለምን እንዳነሰ ሲጠይቁኝ «ፍላጎት የላቸውም» ብዬ መለስኩ። ሪፖርቱ ላይም እንደዚያው ተጻፈ። ስለ አንድ አገር ወጣቶች ሐሰት መስክሬ በማኅተም አጸደቅሁት።

ዓመታት አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ወራትም ቆየ። ሲመለስ ስልኬ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አፕዴት ይጠይቁ ጀመር። ካርድ ሞልቼ፣ ሜጋ ገዝቼ ተከታተልኳቸው። ገንዘቤን የማይበት አንዱ ግን ይህ ቨርዥን ከእንግዲህ አይሠራም አለኝ፤ አዲሱን ላወርድ ስል ለስልክዎ አይሆንም የሚል መልስ መጣ። ስልኬ አንድሮይድ 7 ነበር፤ ክሮምም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአንድሮይድ 7 ላይ መታደሱን አቁሟል። የገዛ ገንዘቤ ስንት እንደቀረ ማየት አቅቶኝ ስልኩን አልጋ ላይ ወረወርኩት። ጽሑፉን ደግሜ ሳነበው ግን ቃሉ የራሴ ሆኖ አገኘሁት።

በዚያ ሰሞን የድሮውን ገጽ የሰርቨር መዝገብ ከፍቼ አነበብኩ። የተመለሱት ከተመዘገቡት አያንሱም ነበር። ከአንድ ስልክ ማታ ተሞክሯል፣ እኩለ ሌሊት ኔትወርክ ሲቀል ተሞክሯል፣ ንጋት ላይ እንደገና። ፍላጎት የላቸውም ያልኳቸው ሰዎች ናቸው።

አፕዴት ከንቱ ነው አልልም። ያረጀ ብራውዘር ለሌባ ክፍት ቀዳዳ አለው፤ ባንክ ጥብቅ ቢሆን ምክንያት አለው። እኔ ግን ያን ቁጥር ስወስን ስለ ደህንነት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም፤ ያስጨነቀኝ የሜኑዬ ውበት ነበር።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጅቱን አግኝተህ ካሳት» አሉኝ። በየት በኩል ልፈልጋት? ስሟን አልጻፍኩትም። በአደባባይ የምናገረው ለዚህ ነው።

ዛሬ በየቢሮው ፎርም የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ደባርቅ ገበያ በሚገኝ ርካሽ አሮጌ ስልክ፣ ኔትወርኩ በደከመበት ሰዓት ሞክሩት። ብራውዘሩ አሮጌ መስሎ ከታያችሁ አስጠንቅቁት እንጂ ፎርሙን አትሰውሩበት። በወረዳው ጽሕፈት ቤትም አንድ የወረቀት መዝገብ ይቀመጥ። የእኔን መስመሮች አጥፍቼ ገጹን በኦፔራ ሚኒ ሞክሬዋለሁ፤ ሜኑው ተበላሽቷል፣ ፎርሙ ግን ያለ አንዳች እንከን ይመዘግባል።

አንቺም ከጃናሞራ የመጣሽ እህቴ፣ አባትሽም በሕይወት ካሉ፦ አዲስ አበባ ያለ ሰው አልነበረም፤ የመለስኳችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።