ባር ሀርበር፦ የማይጠግቡ አይጦች ደሴት

ባር ሀርበር ስደርስ ጭጋጉ ከፍሬንችማን ወሽመጥ ላይ ገና አልተገፈፈም ነበር። ይቺ የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ከተማ ማውንት ዴዘርት በተባለች ደሴት ላይ፣ በባሕሩና በካዲላክ ተራራ መሀል ተቀምጣለች። ጎብኚው የሚጎርፈው ለአኬዲያ ብሔራዊ ፓርክና ለሎብስተር ነው። እኔን ያመጣኝ የአይጥ ታሪክ ነው (ይህን ለሰው ስናገር ድምፄን ዝቅ ማድረጌ አልቀረም)።

ታሪኩ የተፈጸመበት ጃክሰን ላቦራቶሪ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ፣ በዛፍ ተከቦ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1929 ተመሠረተ፤ በ1947 ደሴቲቱን ያዳረሰው ሰደድ እሳት ከነአይጦቹ አወደመው። ቀደም ሲል ከዚህ አይጥ የወሰዱ ተመራማሪዎች ዘሩን መልሰው ላኩለት። በ1949 ጉድ ተወለደ፤ ጠገብኩ የማያውቅ፣ ክብደቱ የእኩዮቹን ሦስት እጥፍ የሚደርስ አይጥ። በ1960ዎቹ ደግሞ ስኳር በሽታ ያለበት ሌላ ሆዳም ዘር ተገኘ።

ካናዳዊው ባዮኬሚስት ዳግላስ ኮልማን በ1958 እዚህ የመጣው ለአንድ ሁለት ዓመት ብሎ ነበር። በ1991 ጡረታ እስኪወጣ አልለቀቀም፤ በመንገዱ ዳር ቆሜ የባሕሩን ነፋስ ስምግ አልፈረድኩበትም። ሙከራው ይዘገንነኛል፣ ብልሃቱ ደግሞ ያስደምመኛል። ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ደማቸውን አገናኘ። ስኳር ያለበትን ከጤነኛ ጋር ሲያጣምር ጤነኛው ምግብ ፊቱ እያለ በረሃብ ሞተ፤ ወፍራሙ መብላቱን ቀጠለ። ያንኑ ከ1949ኙ ዘር ጋር ሲያጣምረው በረሃብ የሞተው የ1949ኙ ሆነ!

ስለዚህ አንደኛው ዘር «በቃ» የሚለውን መልእክት አይሠራም፣ ከደረሰው ግን ይታዘዛል። ሁለተኛው መልእክቱን ያትረፈርፋል፣ አንጎሉ አይሰማም። ውፍረትን የጠባይ ጉዳይ አድርገው ለሚያዩ ባልደረቦቹ ይህ በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረም።

ሰሚው ቦታ ቀድሞ ተጠቁሟል። ሄዘሪንግተንና ራንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1940 ከአንጎል ሥር ያለውን ሃይፖታላመስ ሲጎዱ አይጦቹ ከልክ በላይ እንደሚወፍሩ አሳይተው ነበር። ተናጋሪውን ለማግኘት እስከ 1994 መጠበቅ ግድ ሆነ። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ መልእክቱን የሚያሠራውን ጂን ለዩት፤ ሆርሞኑ ሌፕቲን ተባለ። የሚያመነጨው ስቡ ራሱ ነው! ቦርጭ ብለን የምንንቀው ነገር ከአንጎል ጋር ሲነጋገር ኖሯል።

ሌፕቲን ውፍረትን ሁሉ ያጠፋል የተባለው ተስፋ አልሰመረም። አብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ሌፕቲን ሞልቷቸዋል፤ ከስኳር በሽተኛው አይጥ ጋር ይቀራረባሉ። የሌፕቲን መርፌ ተአምር የሠራው ሲፈጠሩ ጀምሮ ሌፕቲን ለሌላቸው ጥቂት ሰዎች ነው።