«በርሊን» የሚባለው ወደብ

የመርከቡ መርሐ ግብር ላይ «በርሊን» በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ መነጽር ለሚያደርግ ሰው በማይነበብ ፊደል «ቫርነምዩንደ» ይላል። ከእናቴና ከእህቴ ልጅ ጋር በነሐሴ ባልቲክን ለመዞር ቲኬት ከቆረጥን ወዲህ የቤታችን ክርክር ሁሉ በዚች አንዲት ቀን ላይ ነው። እናቴ ካርታውን አገላብጣ አየችና «በርሊን ባህር ነበራት እንዴ?» አለች። የላትም። መርከቡ የሚታሰርበት ቫርነምዩንደ የቫርኖቭ ወንዝ ከባልቲክ የሚገናኝበት፣ የሮስቶክ ከተማ የባህር ዳር ሰፈር ነው። ከዚያ እስከ በርሊን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሻሸመኔ ለመግባት ጥቂት ሲቀር እንደማለት ነው፣ ያውም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን።

ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ያን ያህል አልጨክንም። ትልልቅ መርከቦች ጥልቅ ውሃና ረጅም ማረፊያ ይፈልጋሉ፤ ስም ያለው ከተማ ሁሉ ደግሞ ባህር ዳር አልተቆረቆረም። በዚሁ ባልቲክ «ስቶክሆልም» ብሎ ከከተማዋ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኒነስሃምን ላይ የሚያወርድ መርከብ አለ፤ «ግዳንስክ» ብሎ ግዲኒያ የሚያወርድም አለ። ፈረንሳይ ላይ «ፓሪስ» የሚሉት ለሃቭርን ነው። እስከ 2022 ድረስ (ቀኑንም ዓመቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የባልቲክ ጉዞ ቁንጮ ሴንት ፒተርስበርግ ነበረች። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ኩባንያዎቹ ሩሲያን ከመስመራቸው አወጡ። እንደሚመስለኝ ከዚያ ወዲህ ብሮሸሩን የሚያደምቅ ትልቅ ስም ስላነሰ በርሊን ይበልጥ ተፈላጊ ሆናለች፣ ባህር ባይኖራትም።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። መርከቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይነሳል እንበል፤ ሲታይ 13 ሰዓት ሙሉ ነው። ግን ተሳፋሪ ሁሉ ተጠቃሎ መግባት ያለበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፣ አንዳንዱ መርከብ አንድ ሰዓት ይላል። ጠዋት በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ እስኪወርድና አውቶቡሱ እስኪሞላ 2 ሰዓት ይሆናል። መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው፤ በርሊን ስንገባ 5 ሰዓት ነው። ለመጨናነቅ አንድ ሰዓት ካስቀመጥን ከበርሊን 9 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ግድ ነው። በእጅ የቀረው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ላይ ምሳ ቀንሱ፣ ሽንት ቤት ቀንሱ፣ ከቡድኑ የጠፋውን ሰው መጠበቅ ቀንሱ። ብራንደንበርግ በር ፊት አንድ ፎቶ፣ ቼክፖይንት ቻርሊ አንድ ፎቶ፣ ከግንቡ የተረፈውን በመስኮት አይቶ ወደ አውቶቡሱ መመለስ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ይህን ይችለዋል፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ግን ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ የምታየው የጀርመንን አውራ ጎዳና ነው።

በባቡር መሄድም ይቻላል። የቫርነምዩንደ ጣቢያ ከመርከቡ መውረጃ የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ ኤስ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር ሮስቶክ ዋና ጣቢያ ድረስ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ የበርሊኑን መያዝ ነው። ርካሽ ነው፣ የሰው ጥሩምባና ባንዲራ ተከትሎ ከመሄድም ያድናል። ነገር ግን የመርከብ ጉዞ የለመደ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ መርከቡ ራሱ የሸጠላችሁ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃችኋል፤ በራሳችሁ ሄዳችሁ ከዘገያችሁ ግን ይሄዳል፣ ቀጣዩ ወደብ ድረስም በኪሳችሁ ትከተሉታላችሁ። የጀርመን ባቡር ሰዓት አክባሪነት ደግሞ የድሮ ዝና ነው። በ2024 ከዶቼ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሰው 62 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያንን ቁጥር ካየሁ በኋላ ከባቡሩ ይልቅ የመርከቡን አውቶቡስ ለእህቴ ልጅ መክፈሉን መረጥኩ። «አታምኑኝም» ብሎ አኩርፏል። ባቡሩን ነው ያላመንነው።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ባልቲክ ላይ ሰዓት ራሱ ይለዋወጣል። ጀርመን፣ ፖላንድ፣ ዴንማርክና ስዊድን በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ከእነሱ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ስልካችሁ ከባህር ዳሩ አንቴና አዲሱን ሰዓት ሲቀበል መርከቡ በአሮጌው ሊቀጥል ይችላል፣ ተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የሚታዘዙት ለመርከቡ ሰዓት ነው። በእኛ ቤት ላይ ሌላም ይጨመራል፦ እናቴ አሜሪካ ስንት ዘመን ኖራ የእጅ ሰዓቷ እስከ ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። «በ7 ሰዓት ተኩል ግቡ» የሚል ወረቀት ካነበበች ምሳ ሳትበላ ትመለሳለች።

ቪዛውን ባጭሩ ልለፈው፣ ግን አትለፉት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር ጉዞ ቪዛ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ የዱባይ ወይም የሪያድ መኖሪያ ፈቃድ ቢይዝም፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። መርከቡ ከኮፐንሃገን ተነስቶ በሸንገን አገሮች ወደቦች ብቻ ዞሮ የሚመለስ ከሆነ ከወደብ ወደብ የድንበር ፍተሻ ስለሌለበት አንድ ጊዜ መግቢያው ይበቃል። ከእንግሊዝ ተነስቶ ወይም በመካከል እንግሊዝ ቆሞ የሚመለስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሸንገን ከአንድ ጊዜ በላይ መግባት ሊጠይቅ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጣቸው፣ የመልስ መጠበቂያውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል ወስኖ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ኤምባሲው አሁን የሚሠራበትን ደንብ ጠይቁ፣ የመርከቡን መስመር ከዚያ በኋላ ምረጡ።

አሁን ወደሚጥመኝ ነገር ልምጣ። እዚያው መርከቡ የቆመበት ቦታ ምን አለ? ብዙ አለ። ከጣቢያው ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ አሮጌው የወንዝ መውጫ አለ፣ የዓሣ ጀልባዎች ተደርድረውበት በዳቦ መሃል ዓሣ እየተሸጠ። በነሐሴ የምንሄደው በፍልሰታ ነውና ዓሣው ለእናቴ አይሆንም፤ «ዓሣ ይበላል» ከሚሉት ወገን አይደለችም፣ ይህንንም መርከብ ላይ የሚከራከራት እንዳይመጣ። ድንችና ዳቦ በየቦታው አለ። ከዚያ የ1898ቱ የመብራት ማማ፣ ከሥሩም በ1968 የተሠራው፣ ጣሪያው እንደ ሞገድ የተጠማዘዘው የሻይ ቤት ሕንፃ። ከሁለቱ ወዲያ ሰፊ ነጭ አሸዋ።

አሸዋው ላይ እንደ ጎጆ የተከለሉ፣ ሰው ከነፋስ ተጠልሎ የሚቀመጥባቸው የዘንቢል ወንበሮች ተደርድረዋል። በ1882 ሮስቶክ ውስጥ ይኖር የነበረ ቪልሄልም ባርትልማን የሚባል ዘንቢል ሠሪ ለአንዲት ቁርጥማት ለሚያማቸው ወይዘሮ ነበር የሠራላቸው፤ ሴትየዋ ነፋሱ ሳያገኛቸው ባህር ዳር መቀመጥ ፈለጉ። በዓመቱ ሚስቱ እዚያው ቫርነምዩንደ ወንበሮቹን ማከራየት ጀመረች። ዛሬ የጀርመን ባህር ዳር ሁሉ በእነሱ የተሞላ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በርሊን ውስጥ አላውቅም።

እናቴን የማረካት ግን ወንበሩ አይደለም። ሮስቶክ መሃል በጡብ የተሠራ ግዙፍ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዛሬ ሉተራን ነው። ከመሠዊያው ጀርባ ሃንስ ዱሪንገር የተባለ ባለሙያ በ1472 የሠራው የሰማይ አካላትን የሚያሳይ ሰዓት ቆሟል፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። የቀን መቁጠሪያው ሰሌዳ ከመቶ ዓመት በላይ እንዲያገለግል ተደርጎ ስለሚጻፍ ሲያልቅ በሌላ ይተካል፤ የአሁኑ በ2018 ገብቶ እስከ 2150 ያገለግላል። ቀትር ላይ ሐዋርያቱ በክርስቶስ ፊት ተራ በተራ ያልፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ይሁዳ ሲደርስ በሩ ይዘጋበታል። ይህን ስነግራት «በፍልሰታ፣ በእመቤታችን ቤት፣ በቀትር!» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ በርሊን የሚባል ስም ከአፏ አልወጣም። ከዋናው ጣቢያ ትራም አለ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ያደርሳል።

ወደ ሮስቶክ የሚወስደው ኤስ-ባን ግን በመንገዱ ሊሽተንሃገን የሚባል ጣቢያ ላይ ይቆማል። ብሮሸሩ ይህን አይነግራችሁም። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የተሠሩ ፎቆች የበዙበት ሰፈር ነው፤ አንደኛው ፎቅ ጎኑ ላይ ትልልቅ የሱፍ አበባዎች ስላሉት የሱፍ አበባ ቤት ይሉታል። ከነሐሴ 22 እስከ 26 ቀን 1992 የተቆጣ ሕዝብ ያንን ሕንፃ ከበበ። በአንዱ በኩል የጥገኝነት ጠያቂዎች መመዝገቢያ ነበር፤ ቢሮው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ብዙዎቹ «ጂፕሲ» ይባሉ የነበሩት ሮማዎች የሆኑ ቤተሰቦች ደጅ ሣሩ ላይ ያድሩ ነበር። በሌላው በኩል ምሥራቅ ጀርመን በውል ያስመጣቻቸው የቬትናም ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ተወረወረ። በሦስተኛው ሌሊት ቤንዚን ነበር፤ ፖሊስ ቦታውን ለቆ ነበር፣ ሺዎች ቆመው ያዩ ነበር፣ የሚያጨበጭብም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ከሚነደው ፎቅ በጣሪያ በኩል አምልጠው ተረፉ። በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የጥገኝነትን መብት አጠበበ፤ በዚያን ጊዜ ጀርመን ገብቶ ወረቀት ይጠብቅ የነበረ ሐበሻ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ከተማዋ አልደበቀችውም፤ በ2017 በተለያዩ ቦታዎች የመታሰቢያ ድንጋዮች አቁማለች። ግን ጥቁር ሰው ሆኖ በዚያ መስመር የሚያልፍ በመስኮት የሚያየውን ቢያውቅ ይሻላል እላለሁ። የእህቴን ልጅ በርሊን ሄዶ ግንቡን ይይ ብለነዋል፤ ግንቡ ከፈረሰ በሦስተኛው ዓመት የሆነው ግን በዚህ የሰፈር ባቡር መንገድ ላይ ነው። ተመልሶ ጊዜ ከተረፈው ሊሽተንሃገን ድረስ አብሬው እሄዳለሁ፤ ከመርከቡ የጥቂት ደቂቃ ባቡር ነው።

ሮስቶክ ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ሌላም ታሪክ አላት። የምሥራቅ ጀርመን ዋና የባህር በር እሷ ነበረች፤ ትልቁ ወደቧ በ1960 ነው የተከፈተው። በ1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ ሲመታው የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ዶላር ያልነበራት ምሥራቅ ጀርመንም ቡናዋን ከሌላ ነገር ጋር ደባልቃ መሸጥ ጀመረች፤ ሕዝቡ ተቆጣ። በ1977 ከደርግ ጋር ተስማማች፦ ከእኛ ቡና፣ ከእነሱ የጦር መሣሪያ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኢትዮጵያ በውጭ ምንዛሪ ካልሆነ አልሸጥም ስትል ጀርመኖቹ ፊታቸውን ወደ ቬትናም አዞሩ፣ ቡና እዚያ እንዲለማ ገንዘብና ማሽን አፈሰሱ። የቬትናም ሠራተኞች በብዛት የሚመጡበት ውልም በዚያው ሰሞን፣ በ1980 ተፈረመ። ሁለቱ ውሎች የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ወለደ አልልም። ቢሆንም እዚያ ቡና አዝዤ ስቀመጥ ይህን ሳላስብ የምጠጣው አይመስለኝም።

እንግዲህ ቀኑ በዚህ ተከፍሏል፦ ልጁ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ በርሊን፤ እናቴና እኔ በኤስ-ባን ሮስቶክ፣ ቀትር ላይ ሰዓቱ ፊት፣ ከሰዓት በኋላ ቫርነምዩንደ ተመልሰን በዘንቢል ወንበር። በከሰል የሚሄደውን የባድ ዶበራን ትንሽ ባቡር፣ ሞሊን፣ በልቤ ይዤው ነበር፤ ከ1886 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ግን ሁለቱ በአንድ ቀን አይሆኑም።

በደርግ ዘመን ሮስቶክ የተማራችሁ ወይም በመርከብ ሥራ እዚያ ወደብ የገባችሁ ካላችሁ ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ከትራሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ይበዛል? ሁለተኛ፣ ውስጥ የራስን ጧፍ ማብራት ይፈቅዳሉ? እናቴ ጧፉን ከወዲሁ ሻንጣዋ ውስጥ ከታዋለች። መርከቦቹ ለእሳት ፈርተው ሻማ ይዞ መግባት እንደሚከለክሉ ገና አልነገርኳትም፤ የሚነግርልኝ ከመካከላችሁ ከተገኘ ስልኳን በውስጥ መስመር እልካለሁ።