ጋቢ የለበሰው አኳሪየም

ከላሊበላ ወደ ሰሜን ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ ሰው አያስተኛም። ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፣ አቧራውን አልብሶ መልሶ ያወጣል። ባለፈው ኅዳር፣ መንገዱ ደኅና ነው በተባለ ሰሞን ስሄድ ጭኔ ላይ አንድ ካርቶን ታቅፌ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ብዙ ካየው በኋላ፣

«አባት፣ መድኃኒት ነው?» አለኝ።

«የዓሣ ምድጃ ነው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ለሚሳፈረው ሁሉ «እኚህ አባት ለዓሣ ምድጃ ይዘው ነው» እያለ ሲያስተዋውቀኝ ሰቆጣ ገባን።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ባለ 25 ዋት የውኃ ማሞቂያ፣ ሁለት ቴርሞሜትርና በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነበሩ። የካሳ ዕቃ ናቸው። አምና የልጅ ልጄን ዓሣዎች የገደልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሰቆጣ ሳይሆን ከአሜሪካ ነው። ዴንቨር የሚኖረው ልጄ ሳሎኑ ውስጥ የባሕር አኳሪየም አለው፤ ጨው ያለው፣ ሕያው ኮራል የበቀለበት። እሑድ እሑድ ስልኩን መስታወቱ ላይ ደቅኖ ለእህቱ ልጅ ያሳየዋል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ገላው ውስጥ ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ቀለሙንም ከምግቡ አብዛኛውንም የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ውኃው ከለመደው የበጋ ሙቀት ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን ያባርርና ይነጣል፤ ካልበረደለትም ይሞታል። የጎረቤታችን የቀይ ባሕር ኮራሎች፣ በተለይም በሰሜን ጫፍ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት፣ ከሌላው ይልቅ ሙቀት ቻይ በመሆናቸው ሳይንቲስቶች በጉጉት ይከታተሏቸዋል። እነሱም ቢሆኑ ልክ አላቸው። ስለዚህ ልጄ ውኃውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ በቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወዛወዝ ጠዋትና ማታ ያያል። «ቁጥሩ 25 ይሁን 26 ብዙ ግድ የለኝም፤ አንዴ ከለመዱት አለመለወጡ ነው» ይላል።

ልጁ ይህን ሲያይ ከርሞ አኳሪየም አማረው። ሰቆጣ ላይ ኮራል ከየት ይመጣል? አባቱ ወልድያ መስታወት ቤት 60 ሊትር የሚይዝ ሳጥን በሲልኮን አሠርቶ አመጣለት፤ ተከዜ ሐይቅ ላይ ከሚያጠምዱ ልጆች ደግሞ ጣት የሚያህሉ አራት ቆሮሶዎች አገኘለት። ቆሮሶ ኮራል አይደለም፤ ብዙ ይችላል። ያም ሆኖ የቆላ ልጅ ነው። ውኃው ከ16 ወይም 17 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ደግሞ ይሞታል።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ከተማ ነው። ቀን ፀሐዩ ጠንከር ይላል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይፈልጋል፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ። አምና ልጄን ልጠይቅ ሄጄ በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ የነበረችው አንዲት ማሞቂያ ቆመች፤ አየር የምትነፋዋም ቆመች። አንድ ሌሊት አለፈ። በሁለተኛው ንጋት ቴርሞሜትሩ 16 አለ። ዓሣዎቹ ላይ ላዩን ተንሳፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። እኔም ብርድ ያንቀጠቀጣቸው መስሎኝ፣ ቤተሰቡ ሳይነቃ፣ እሳት ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ አንስቼ በማዕዘኑ በኩል ቀስ አድርጌ አፈሰስኩበት። ቀስ ማድረጌ ደግሞ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

የሆነውን በኋላ ነው የተረዳሁት። ወደ ላይ የወጡት በርዷቸው ሳይሆን አየር አጥሯቸው ነው። እንደ ሰቆጣ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል፤ ፓምፗ ስትቆም ደግሞ የሚያድሰው የለም። ሙቅ ውኃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይተኛል። ከላይ ደግሞ እነሱ አሉ። ጠቅላላ ውኃው ሁለት ዲግሪ እንኳ ከፍ ማለቱን እጠራጠራለሁ፤ ላይኛው ጣት የሚያህል ንጣፍ ግን እሳት ነበር። ሁለቱ ወዲያው በጎናቸው ተጋደሙ።

ልጁ ሲነቃ አላለቀሰም። አለማልቀሱ ነው የጎዳኝ። በማንኪያ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ከጌሾው ሥር ቀበራቸው፤ እኔን አንድም ቀን «ለምን?» አላለኝም። «አያቴ፣ አንተ አይደለህም፤ መብራቱ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ዘንድሮ ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ቤቱን መዞር ሆነ። አኳሪየሙ የተቀመጠው በቆርቆሮው በርና በመስኮቱ መካከል ነበር፤ ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ ሌሊት ነፋስ። ወደ መሐል ግድግዳው፣ ወፍራሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሥር አዛወርነው። ይህን ሐሳብ የሰጡኝ የአማቼ እናት ናቸው። እትዬ ከልጁ ጋር የሚያወሩት በኽምጣና ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ። የጠላ ጋናቸውን ከዚያው ግድግዳ ሥር ያኖራሉ፤ «እዚህ ጥግ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው» አሉኝ። ለበጋው ደግሞ እንስራውን አሳዩኝ። ያልተለበጠ ሸክላ በላብ መልክ ውኃውን ያስወጣል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዴንቨር ያለው ልጄ በሐምሌ ሙቀት ውኃው ላይ ማራገቢያ የሚደቅነው ለዚሁ ነው፤ ብቻ የእሱ ሲተን ጨው ስለሚቀር የተነነውን ያህል በንጹሕ ውኃ ይተካል። ይህን ስነግራቸው «እንስራ መግዛት አይቀልም ነበር?» አሉ።

በማግሥቱ ለመሳለም ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ሄድን፤ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ የጥንት የዋግ ሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖችም በሣጥን ይገኙበታል። ውጭ ፀሐዩ ግንባር ይበሳል፤ ከደጁ አልፈው ሲገቡ ቀዝቃዛ ነው። ልጁ ኪሱ ውስጥ ቴርሞሜትር ደብቆ ኖሮ አወጣው። እናቱ ልትቆጣ ስትል አንድ ካህን «ተይው፣ ልኬት ኃጢአት አይደለም» አሏት። አለት ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ አይበርድም። ለልጁ ያስረዳሁት እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ነው፦ ያንተ 60 ሊትር ነው፤ ትንሽ ነገር ቶሎ ይደነግጣል።

ብዙ ውኃ ምን እንደሚመስል ያየነው ደግሞ ተከዜ ላይ ነው። በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎች በኩል የሚገኘው ሐይቅ የተፈጠረው በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ነው፤ ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይይዛል። ከፍታው 1,140 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰቆጣ ሲወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ አየሩ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይጨምራል። ጋቢዬን መኪናው ውስጥ ጣልኩት።

ጠዋት ደርሰን ውኃው ላይ ቴርሞሜትር ነከርን፤ 25። አየሩ 17 ነበር፤ ሐይቁ ከአየሩ ይሞቃል። ቀትር ላይ አየሩ 31 ሲደርስ ሐይቁ 26 ላይ ነበር። ልጁ ሦስት ጊዜ ለካ፤ አላመነም። መረቡን የሚያራግፈው አጥማጅ «አባቴ፣ ልጁ ሐኪም ነው እንዴ? ሐይቁን ሙቀት ይለካዋል» አለኝ። ቆሮሶና አምባዛ በየክምሩ ተለይቶ ነበር። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በዚህች ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ነው የሚጠራው፤ ያን ክምር ሳይ እዚህ አገር ዓሣ ከመስታወት ሳጥን ይልቅ ድስት ውስጥ ሥራ እንዳለው አሰብኩ። ለልጁ ግን አላልኩትም። እሱ እንደሁ ቆሮሶ አይበላም፤ «ዘመዶቼ ናቸው» ይላል።

አጥማጁ አራት ትንንሾች ሰጠን፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ጄሪካኑን እስከ ግማሽ በሐይቁ ውኃ ሞልተን፣ ፓምፗን በባትሪ አስነስተን፣ በጋቢዬ ጠቅልለን ወጣን። ቤት ስንደርስ አንገለብጥም፤ ይህን አምና ተምሬያለሁ። ዓሣዎቹን ከነውኃቸው በላስቲክ አድርገን አኳሪየሙ ላይ አንሳፈፍን፤ በየአሥር ደቂቃው አንድ ስኒ ውኃ ከአኳሪየሙ እየጨመርን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ልጁ ስኒውን፣ እኔ ሰዓቱን ይዘን።

ሁለት ትንንሽ ማሞቂያ መግዛቴን አማቼ ብክነት ብሎት ነበር። ምክንያት አለው። ማሞቂያ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ይሞታል፣ ወይ መዘጋት ይረሳል። አንዷ ብትሞት ሌላዋ ትይዛለች፤ አንዷ መዘጋት ብትረሳ በ25 ዋት 60 ሊትር አትቀቅልም። አንድ ትልቅ ቢሆን ግን በአንድ ሌሊት ሾርባ ይሠራ ነበር። ቴርሞሜትሩም ሁለት የሆነው ለዚያው ነው፤ ሲለያዩ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው።

መብራት ለጠፋ ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ሠራን። ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የያዘ አንድ ሊትር ተኩል የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ተጠብቆ ቢንሳፈፍ፣ 60 ሊትሩን በአንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ያደርጋል። ሙቀቱ ይገባል፤ ውኃው አይገባም። ፓምፗ በባትሪ ትነፋለች፤ ስትነፋም ላይና ታቹን ትደባልቃለች። ክዳኑ ይከደናል፤ ብዙ ሙቀት የሚያመልጠው ከላይ ነውና። ዙሪያውን ጋቢ።

በአምስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ከተራራው ሥር ያ ሁሉ ውኃ ተገድቦ፣ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ተሠርቶ፣ እኛ በባትሪ ዓሣ እናስታምማለን ስል ሴት ልጄ ሳቀች። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ የእኔን ጋቢ ከአልጋዬ ጎተተ። መስታወቱን ሲያለብሰው እትዬ ከጥጋቸው ሆነው በኽምጣና አንድ ነገር አሉ፤ ልጁ ሲተረጉምልኝ «አያትህ በብርድ ሊሞት ነው፤ ዓሣው ግን ይድናል» ነው። ሌሊቱን ካፖርቴን ለብሼ ተኛሁ። ማታ 24 ነበር፤ ሲነጋ ልጁ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ በባትሪ አየና፣

«22! አያቴ፣ ሁለት ብቻ ነው የወረደው!»

ስድስቱም ከታች ይዋኛሉ። ማንም አፉን ወደ ላይ አላቀናም።

ስመለስ ጋቢው እዚያው ቀረ። እኔም አዲስ አበባ በፎጣ ተጠቅልዬ ይህን እጽፋለሁ። ስልኬ አሁን ጮኸ፤ በየጠዋቱ የምትመጣዋ መልእክት ናት፦ «24። በልተዋል። ጋቢህ ታጥቧል።»